ስም ማከራየት ኃጢአት ነውን?

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለዕረፍት ቡሬ በሰነበትንበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ቀረበልን። ያቀረበልን መምህር አይደለም፤ ከመጽሐፍም አላገኘነውም። የጠየቁን የአንዳችን አክስት ናቸው። ሁላችንም አክስታችን ስለምንላቸው በዚህ ጽሑፍም እንዲሁ እንላቸዋለን።

አክስታችን ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ልብስ ይሰፋሉ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ አልፎ አልፎም የሠርግ ልብስ። ሦስት መኪና አላቸው። ከአምስቱ አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ ይህን ለምን እንዳነሣነው በኋላ ይታያል።

አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፣ «ሰውየው ዛሬ መጥቶ ነበር» አሉን። ሰውየው በከተማው የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞቹ 200 ሙሉ የደንብ ልብስ ሊገዛ ጨረታ አውጥቷል። ነጋዴው የተናገረው አጭር ነው። «ካደራጃችሁ ቢሮ የምታገኙትን ደብዳቤ አምጡልኝና በናንተ ስም እንግባ። ብሩም ጨርቁም የኔ ነው። መርፌ እንኳ አትነኩም፤ ተሰፍቶ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ፈርሙ ብቻ፤ ድርሻችሁን እሰጣለሁ።» አክስታችን ይህን ነግረውን ሲያበቁ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «በሉ እስቲ እናንተ የተማራችሁ፤ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» አሉ።

አራት ነበርን። ሁለታችን ታሪክ፣ አንዱ ሥነ ጽሑፍ፣ አንዷ ፍልስፍና እንማራለን። ሕግ የሚማር በመካከላችን የለም። ወንጀል ነው ወይ ብለውን ቢሆን ኖሮ ዝም እንል ነበር። ኃጢአት ነው ወይ ስላሉን ግን ሌሊቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጭቅጭቅ ልጅ ነው፤ ተስማማን ብለን አንዋሽም።

አስቀድሞ ግን እንደ ቡሬ ባለ ከተማ መንግሥት ለባለ ሙያ ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም አልፎ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል፤ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። በርበሬዋ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። ገበያ የላትም አይባልም። ይሁን እንጂ ገበሬው በርበሬውን ሸጦ ልብስ የሚያሰፋው ለበዓል፣ ወይ ለልጁ ትምህርት ቤት መክፈቻ ነው። ሁለት መቶ ሱሪ ባንድ ጊዜ የሚያዝ ደንበኛ ማነው? ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ ለልብስ ሰፊ ከመንግሥት ጨረታ ውጭ መሆን ከትልቁ ገበያ ውጭ መሆን ማለት ነው።

ጨረታው በበኩር ጋዜጣ ይወጣል፤ ወይ ከመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቋንቋውን ሁሉም ያውቀዋል። የታደሰ ንግድ ፈቃድ ያለው፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው፣ የጨረታ ማስከበሪያ በሲ.ፒ.ኦ. ማስያዝ የሚችል፣ ኦርጅናሉንና ኮፒውን ለየብቻ በታሸገ ፖስታ የሚያቀርብ። መጨረሻ ላይ መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል መሰረዝ እንደሚችል የምትናገር ዓረፍተ ነገር አለች። እሷማ እንደ «አሜን» ናት፤ አትቀርም።

የታሸገውን ፖስታ ማናናቅ አይገባም። ከታሪክ ተማሪዎቹ አንዱ ጓደኛችን አጥብቆ የተሟገተው ለዚሁ ነው። በድሮው ሥርዓት ሰው ሹመትም ሆነ ሥራ የሚያገኘው ደጅ ጠንቶ ነበር። ስንቁን ይዞ ከጌታው በር ላይ ወራት ይቀመጣል፤ ጌታው በወጣ በገባ ቁጥር እጅ ይነሣል፤ አንድ ቀን ዓይን ውስጥ ይገባል። ፖስታው የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ፊት የለውም፤ ዘር የለውም፤ እጅ አይነሣም። ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታል፤ ዋጋው ይነበባል፤ በቃ። «ለድሃ እናድላ ብላችሁ ዛሬ ፖስታውን ከነካካችሁት፣ ነገ ለዘመዱ የሚያደላውን በምን አፋችሁ ትከለክሉታላችሁ?» አለ። ይህ ጥያቄ እስካሁን ያስቸግረናል።

የፍልስፍናዋ ተማሪ መልስ ነበራት። አርስጣጣሊስ ስለ ፍትሕ ሲያስተምር፣ ጠብ የሚነሣው እኩል የሆኑት እኩል ያልሆነ ነገር ሲደርሳቸው ወይም እኩል ያልሆኑት እኩል ሲሰጣቸው ነው ብሏል። ማርክስም እ.ኤ.አ. በ1875 የጎታውን ፕሮግራም ሲተች ይህችኑ ነገር በሌላ በኩል ነክቷታል፤ የተለያዩ ሰዎችን ባንድ ክንድ የሚለካ እኩል መብት በውስጡ አለመበላለጥን ሳይሆን መበላለጥን ይዟል ባይ ነው። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን ወደ ሱሪው እንመለስ።

ፖስታው ፊት ባይኖረውም ወደ ፖስታው የሚገባው ነገር ፊት አለው። ሲ.ፒ.ኦ. የሚያሠራ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ያለው ነው። ጨርቁን ቀድሞ ገዝቶ፣ ሰፍቶ፣ አስረክቦ ክፍያውን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ፣ ሳይበላ መክረም የሚችል ነው። ባንክ ያበድራል ቢባል የሚያበድረው በመያዣ ነው፤ መያዣውም ቤት ነው። ከአምስቱ ሴቶች በስሟ ቤት ያላት አንዲት ብቻ ናት። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ደግሞ ከነዚህ ሁሉ ኋላ ናት፤ እናቷ ምጣድና እንስራ ተሸክማ ስትዞር ሰው የገዛት ዕቃውን እንጂ ቤቱ አስገብቶ ቡና አላጠጣትም። ለእንደዚህ ያለች ሴት ዋስ የሚሆናት ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ሁለተኛው የታሪክ ተማሪ አንድ ነገር አስታወሰን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ትልቅ አዋጅ ነው፤ ለዘመኑ ደፋር ነው። ነገር ግን ስድብ ከለከለ እንጂ ርስት አልሰጠም። በጎጃም ርስተኛው በአባት በእናቱ ቆጥሮ መሬት ሲካፈል ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ብዙውን ጊዜ ከድርሻው ውጭ ነበሩ። የገጠር መሬት በአዋጅ ለሚያርሰው የሆነው በ1967 ዓ.ም. ነው። ስድቡ በተከለከለበትና መሬቱ በተሰጠበት ቀን መካከል 67 ዓመት አለፈ። «ከእንግዲህ አትሰደብም» መባልና «እንካ፣ በዚህ ሥራ» መባል አንድ አይደሉም። «ማንም ሰው መጫረት ይችላል» የሚለው የጨረታ ቃል ከፊተኛው ወገን ነው ብለን እናምናለን።

ሕግ አውጪው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ፈቅዶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የወጣው መመሪያም ዝርዝሩን አስቀመጠ፤ ከሌላ የአገር ውስጥ ተጫራች ጋር ሲወዳደሩ 3 በመቶ የዋጋ አስተያየት፣ የጨረታ ሰነዱ በነጻ፣ በማስከበሪያው ገንዘብ ፈንታም ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ። ያ አዋጅ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። አስተያየት ማድረግ የሚለው ሐሳብ ግን በአገሩ ሥር ሰዷል።

እስቲ 3 በመቶዋን እንመርምራት። ነጋዴው ጨርቁን ከመርካቶ በጥቅል፣ ሜትሩን በ200 ብር ይገዛል እንበል። አክስታችን ያንኑ ጨርቅ ቡሬ ላይ በችርቻሮ በ230 ብር ይገዛሉ። ልዩነቱ 15 በመቶ ነው፤ ያውም ነጋዴው ጨርቁን ከጫነበት መኪና ሳንወርድ። አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ የቆመን ሯጭ ሦስት እርምጃ ጠጋ በል ብሎ ፊሽካ መንፋት ማለት ነው። ይህን አስተያየት በመጠቀም የሚያሸንፍ ማነው ብላችሁ ብታስቡ፣ ድሮም ለማሸነፍ ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ወይም ጨርቁን በ200 የሚገዛው ነጋዴ ራሱ፣ በአክስታችን ስም።

ደብዳቤዋ ግን ከ3 በመቶው ትበልጣለች። ነጋዴውን ከደጃቸው ያመጣችው እሷ ናት። በብዙ ሺህ ብር ፈንታ የምትቀመጥ አንዲት ወረቀት! ታዲያ ይህች ወረቀት የምትጻፈው ከቢሮ ነው። ጸሐፊው ዛሬ የለም፣ ነገ ተመለሱ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ የማኅበሩ ፋይል አልተገኘም። አክስታችን አንድ ጊዜ ለደብዳቤ ስምንት ቀን እንደተመላለሱ ነገሩን። ጓደኛችን ይኼን ሲሰማ ሳቀ። «አያችሁ፣ ደጅ ጥናቱን በፊት ለፊት አስወጥታችሁ በጓሮ አስገባችሁት» አለ። እውነቱን ነው። ፖስታው እንዳይከፈት ብዙ ተጠንቅቀን ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ያለውን መንገድ ክፍት ትተነዋል። ያልተደራጀችውማ፣ ከቤቷ ባንድ መኪና የምትሰፋዋ፣ የደብዳቤውን ደጅ እንኳ አታውቀውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰኔ እንምጣ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ የተኛ መሥሪያ ቤት ግንቦት ላይ ይነቃና በጀት እንዳይቃጠል ይሯሯጣል። ጨረታው ይወጣል፤ ዕቃው በ15 ቀን ይግባ ይባላል። 200 ሙሉ ልብስ ማለት ሸሚዙና ሱሪው ሲቆጠር 400 ነው። በሦስት መኪና በ15 ቀን ሲካፈል ለአንድ መኪና በቀን ዘጠኝ ይደርሳታል፤ ቁልፍ መትከያውንና መተኮሻውን ሳንቆጥር፣ መብራት ሳይጠፋ፣ እሑድም ሳይታረፍ። የተሰፋ ልብስ በመጋዘን ያለው ግን ዛሬውኑ ያስረክባል። እንግዲህ ማን ያሸንፍ እንደሆነ የወሰነው ገምጋሚ ኮሚቴው ነው ወይስ የቀን መቁጠሪያው? ያው ጨረታ ጥቅምት ላይ ቢወጣ፣ 200ውም በአራት ሎት ቢከፈል፣ አክስታችን አንዱን ሎት በገዛ እጃቸው ሰፍተው ያስረክቡ ነበር። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። በጊዜ ማሰብ ነው የሚያስፈልገው።

ክፍያውም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት አምስቱ ሴቶች ለአንድ መሥሪያ ቤት መጋረጃ ሰፍተው ነበር። በሰኔ አስረከቡ። ሐምሌ ላይ በጀቱ ተዘግቷል ተባሉ፤ መስከረም ላይ አዲሱ በጀት አልተለቀቀም ተባሉ፤ ገንዘቡ የተከፈላቸው ኅዳር ገብቶ ነው። በዚያ መካከል ጨርቁን በዱቤ የሰጣቸው ሰው በየሳምንቱ ይጠይቅ ነበር። የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ይህን ሰምቶ የወንጌሉን የወይን ቦታ ባለቤት ምሳሌ አነሣ፤ ቀኑን ሙሉ ቀጣሪ አጥተው በአሥራ አንደኛው ሰዓት የገቡት ከማለዳ ሠራተኞች ጋር እኩል ተከፈላቸው፤ የፊተኞቹም አጉረመረሙ። ለኋለኛው ማድላት ፍትሕ ሊሆን ይችላል ለማለት ነው ያነሣው። አክስታችን ግን ከኛ ይልቅ ምሳሌውን ያውቁታል። «አዎ ልጄ፤ ግን ያ ጌታ የከፈላቸው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው» አሉት።

ከኛ በፊት በዚህ ነገር የተቸገሩ ብዙ ናቸው። በአሜሪካ የሪችመንድ ከተማ ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሰጠችው ዋና የግንባታ ውል ለአናሳ ወገን ድርጅቶች የደረሰው 0.67 በመቶ ብቻ ነበር። ከተማዋ ከእያንዳንዱ ውል ቢያንስ 30 በመቶው ለእነሱ ይከፈል ብላ ደነገገች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ድንጋጌውን ሻረው፤ ቁጥሩ ብቻ በደል መፈጸሙን አያስረዳም አለ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶውን ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ለይታ አስቀምጣለች፤ ይህ እንደኛ ሦስት እርምጃ ጠጋ ማለት ሳይሆን የራስን መሮጫ መስጠት ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የአክስታችንን ጥያቄ አጥብቃ ታውቀዋለች። ጥቁርን ከፊት አቁሞ ከኋላ ሌላ የሚነግድበትን ነገር «ፍሮንቲንግ» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በተሻሻለው ሕጋቸው እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል። ለአክስታችን ይኼን ስንነግራቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።

በመንገዱ ላይ ያለውንም ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ውሸት ይሆናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ተዘጋ ሲባል ጨርቅ አይገባም፤ ዋጋ የሞላህበት ቀንና የምትገዛበት ቀን አይገናኙም። ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። በዚያው ዘመን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ደጅ የሌለው ቢሮ ማለት ነው። ኔትወርክ ለሌለው ግን ደጁም መስኮቱም የለውም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ስም ማከራየት ኃጢአት ነው ወይ?

ነጋዴውና አክስታችን ቢስማሙ የሚበደለው ማነው ብለን ጠየቅን። መንግሥት ነው እንዳንል ልብሱን በዋጋው ያገኛል። አክስታችን ናቸው እንዳንል ድርሻቸው በእጃቸው ይገባል። ነጋዴውም አይከስርም። ብዙ ካወጣን ካወረድን በኋላ የተበደለችውን ያየናት መሰለን። ከፍኖተ ሰላም ወይ ከደምበጫ የመጣች፣ ደብዳቤዋን ስምንት ቀን ተመላልሳ ያገኘች፣ በገዛ መርፌዋ ልትሰፋ ዋጋ ሞልታ የገባች ሌላ ሴት ናት። በዚያች በ3 በመቶዋ ልታሸንፍ ትችል ነበር። ዋጋው ሲነበብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፤ በነጋዴው ብር የገባ የሴቶች ማኅበር ይበልጣታል። እሷም «ደግ ነው፣ እኔ ባላገኝ ሴቶች አገኙት» ብላ ወደ አገሯ ትሳፈራለች። ሌላም አለ። የዓመቱ ሪፖርት ሲጻፍ አምስት ሴቶች የዚህን ያህል ብር ውል አገኙ ተብሎ ይመዘገባል። ኃላፊው ያን ቁጥር አይቶ፣ ነገሩ ተፈትቷል ብሎ ያምናል። ውሸቱ ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ስለዚህ ሦስታችን በደል ነው አልን። የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ግን አልተቀበለንም። «ሕጉ ለድሃዋ የሰጣት ልትጠቀምበት የማትችለውን ነገር ነው። ፈረስ ለሌለው ሰው ኮርቻ ሰጥተህ፣ ኮርቻውን ሸጦ ቢበላ ሌባ ትለዋለህ?» አለን። መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም። ሻጩን ሌባ አንለውም፤ ኮርቻው ግን ፈረስ ላላት ለዚያችኛዋ ይደርስ ነበር፤ እስከዚህ ነው ያደረስነው።

በማግሥቱ ጠዋት ያሰብነውን ለአክስታችን ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙን። «ደግ፤ በደል ነው አላችሁ። ግን አንድ ነገር አልጠየቃችሁኝም። ያን ጊዜ ለመጋረጃው ጨርቅ በዱቤ የሰጠኝ ማነው?» አሉ። ሰውየው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ፍትሕ ስንናገር ይህን መጠየቅ ለማናችንም አልታየንም። እንቢ ቢሉት ለመስከረም ዩኒፎርም ጨርቅ ማን ይሰጣቸዋል?

ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ሱቁ ሄዱ፤ አንዳችን ተከተልናቸው። «ጋሼ፣ በኔ ስም ከሆነ እኔው ልስፋው። ጨርቁን እንደ ቀድሞው በዱቤ ይስጡኝ፤ ትርፉን እንካፈላለን» አሏቸው። ነጋዴው አልተቆጣም። መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገና፣ በ15 ቀን አይደርስም፣ ካልደረሰ ቅጣት አለ፣ ቅጣቱ በማን ሊሆን ነው አለ። እኛም ቁልፍ እንተክላለን አልን፤ ሁለቱም ሳቁብን። እስቲ ላስብበት ብሎ ሸኘን።

ጨረታው እስኪዘጋ ቃል አላመጣም። አክስታችንም ደብዳቤውን ለመጠየቅ ወደ ቢሮው አልሄዱም። ፖስታው በተከፈተበት ቀን ሁለታችን ሄደን ከበሩ አጠገብ ቆመን ሰማን። ስድስት ተጫራቾች ነበሩ። ከስድስቱ አንዱ የሴቶች ማኅበር ነው፤ ዋጋው ከሁሉም ዝቅ ያለ ነበር። በማኅበሩ ስም ቀርቦ የፈረመው አንድ ወጣት ነው። ከየት እንደመጣ ልንጠይቀው ስንል በሞተር ሳይክል ሄደ።